ሽቅብ የሚፈሰው አዋሽ

በአዲሱ መተሃራ ጠዋት የሚጀምረው በደወል ነው። ደወሉ ሲሰማ ወፍጮ ቤቱ ሞተሩን ያጠፋል፤ ልጆች ኳሳቸውን ይይዛሉ፤ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከየሰፈሩ አንድ ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ በሰፈሩ አዳራሽ ካለው ስክሪን ፊት ይቀመጥና የዕለቱን ተራ ይጫወታል። ጨዋታው «ወራጅ» ይባላል። ተጫዋቹ በስክሪኑ ላይ የውሃ በር ሲከፍት ወንዙ ዳር ያለው እውነተኛው የብረት በር ይከፈታል፤ ሲዘጋ ይዘጋል። ከዚያ ሌላ ደወል ይደወላል፤ ወፍጮውም ይነሳል።

«ወራጅ» ሲፈጠር እንዲህ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ከብዙ ዓመታት በፊት ጥቂት ተማሪዎች ጊዜ ለማሳለፍ የሠሩት የስልት ጨዋታ ነበር። ከተማ ትቆረቁራለህ፤ ቦይ ትቆፍራለህ፤ ከጎረቤትህ ጋር በወንዝ ትጣላለህ፤ ትታረቃለህ። ጨዋታው ክፍት ምንጭ ነውና ማንም ውስጡን ከፍቶ ማየትና ማስተካከል ይችል ነበር። አንዱ የአዋሽን እውነተኛ ልክ አስገባበት፤ ሌላው የዝናቡን፣ ሌላው የግድቦቹን። የበሰቃ ሐይቅ አሮጌውን ከተማ ውጦ መተሃራ ወደ ከፍታው ከተዛወረች በኋላ፣ በየዓመቱ በውሃ ድርሻ ሲጣላ የሰለቸው የሸለቆው ሸንጎ «እንግዲያውስ እንጫወተው» አለ። ተሳቀ። ከዚያ ተጫወቱት። ከዚያ ወዲህ የሳቀ የለም።

ወይዘሮ ይርገዱ የሰፈር ሦስትን ተራ የተረከቡት በጥቅምት ነበር። ተራ ለአንድ ቤት የሚደርሰው በስንት ዓመት አንዴ ነው፤ ከደረሰ ደግሞ ክረምት እስኪገባ ይቆያል። ወይዘሮ ይርገዱ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ የሰፈሩ ግማሽ በእጃቸው ነው የተወለደው። እንደ ወጉ አዲስ ቀሚስ አሰፉ፤ ዕድሩም እንደ ልማዱ ተራቸው እስኪያልቅ ድንኳን ከመትከልና ከማስተዛዘን ነፃ አወጣቸው። ለሁለት ወር ያህል ሥራቸው ቀላል ነበር፤ በክረምት ከተሞላው ኩሬ ለየቤቱ ድርሻውን ማከፋፈል ብቻ።

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ከቆቃ ግድብ ውሃ መለቀቁ ተነገረ። «ላይኛውን በር ክፈቱ፤ ታችኛውን እንደተዘጋ አቆዩ» አለ መልእክቱ። ላይኛው በር ውሃ ከወንዙ ወደ ኩሬው የሚገባበት፣ ታችኛው ከኩሬው ወደ ወንዙ ተመልሶ የሚወጣበት ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም መንታ የመሰሉ ግራጫ አራት ማዕዘኖች ነበሩ፤ አንደኛው ከላይ፣ አንደኛው ከታች። ወይዘሮ ይርገዱ መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ ያለውን ነኩ።

ሲመሽ ኩሬው ባዶ ነበር። ክረምቱን ሙሉ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ወንዙ ወጣ፤ ከቆቃ የመጣውም የሚቀበለው አጥቶ በደጃቸው አለፈ። አንዴ የተሰጠ ተራ እስከ ማግስቱ አይነካምና፣ የሰፈሩ ሰው ኩሬው ዳር ቆሞ ውሃው ሲሄድ እያየ ከማልቀስ በቀር ያደረገው ነገር አልነበረም።

ማንም አልሰደባቸውም። ይህ ነበር የከፋው። በጋውን ሙሉ በቦቴ የመጣ ውሃ በወረፋ ሲቀዳ ሴቶቹ «እትዬ ይርገዱ፣ እርስዎ ይቅደሙ» እያሉ ቦታ ይለቁላቸው ጀመር፤ ልክ እንደ በሽተኛ። የሽንኩርት መደቡ ነጣ፤ ፓፓያው ቆሞ ደረቀ። እሳቸውም ቤተ ክርስቲያን በጓሮ በኩል መሄድ ጀመሩ፤ ኋላም መሄዱን ተዉት። ተራውን ለጊዜው ወኪሉ ያዘ።

ወኪሉ ሰው አይደለም። ተጫዋች የሌለውን ቤት ተክቶ የሚጫወት ማሽን ነው። ወኪል ሲጫወት ስሕተት አይገኝም ይባላል፤ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ግን ጠይቆ የተመለሰለት ሰው የለም። የሰፈሩ ሊቀ መንበር አቶ ደግፌ በየካቲት አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ ሰው ሁሉ የቤቱን ተራ ለወኪሉ ለዘለቄታው ያስረክብ። ስብሰባው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንዲሆን ተቀጠረ።

የወይዘሮ ይርገዱ ልጅ ትርሲት ይህን ሰምታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ትርሲት ለጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት አወሳሰድ ሥዕል እየሳለች ነው የምትኖረው፤ ጡባዊው ምን እንደሚመስል፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ማንበብ የማይችል ሰው እንዲገባው አድርጋ። ከጥምቀት ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ ሌላ ሥራ ይዛ ነበር። «ወራጅ»ን ከፍታ ሥዕሉን እንደ አዲስ ትሠራዋለች። ጨዋታው አስቀያሚ ነው፤ የእናቴም ችግር ይኸው ነው ብላ አምናለች። ስለዚህ አስዋበችው። የፈንታሌን ተራራ ከነጥላው አቆመችው፤ ሸንኮራው በነፋስ እንዲወዛወዝ፣ ውሃው ፀሐይ ሲነካው እንዲብለጨለጭ አደረገች። የውሃ ወፏ ይብራ ሳትቀር ኩሬው ላይ ታርፋለች። ዓይን የሚማርክ ነገር ሆነ፤ እሷም አወቀችው።

በ«ወራጅ» ማንም ሰው ማሻሻያ መሥራት ይችላል፤ ማሻሻያው ለሸለቆው ሁሉ እንዲገባ የሚፈቅዱት ግን ጠባቂ የሚባሉት ናቸው። የሥዕል ክፍሉ ጠባቂ መይራም ትባላለች፤ የምትኖረው አሳይታ፣ አዋሽ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ባለችው ከተማ ነው። ትርሲት የእናቷን ታሪክ ጽፋ ሥራዋን ላከችላትና መልስ ስትጠብቅ ሰነበተች። መልሱ ሲመጣ ሁለት መስመር ነበር።

«በጣም ያምራል። እናትሽ ተጫውተውበታል?»

ትርሲት ተናደደች። እቃ እያጋጨች ዋለች። በማግስቱ ግን ኮምፒውተሯን ይዛ እናቷ ክፍል ገባች። ቀትር ነበር፤ በዚያ ሰዓት መተሃራ ከሙቀቱ የተነሣ በሯን ዘግታ ነው የምትውለው።

«እማዬ፣ አንድ ጊዜ ተጫወቺልኝ።»

«ተይኝ ልጄ። እጄ ከድቶኛል።»

«ይህኛው እውነተኛ አይደለም። ምንም ብትነኪ የሚፈስ ውሃ የለም።»

«በዚህ እጅ ስንቱን ሕፃን ተቀብያለሁ» አሉ እናቷ እጃቸውን አገላብጠው እያዩ። «አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም ነበር።»

ቢሆንም ተቀመጡ። ትርሲት ከኋላቸው ሆነች፤ ምንም ላትናገር ለራሷ ቃል ገባች። በጤና ጣቢያ ሥዕል የምትፈትነው እንደዚያ ነበር። ሥዕሉን ለበሽተኛው ሰጥተህ ዝም ማለት፤ ካስረዳኸው ሥዕሉ ሳይሆን አንተ ነህ የተፈተንከው። ለሌላው ሰው የማይከብዳት ዝምታ ለእናቷ ሲሆን ከበዳት።

«ላይኛውን ክፈቱ ይለኛል» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ። ጣታቸው ይብራዋን አልፎ፣ የሚብለጨለጨውን ውሃ አልፎ፣ በቀጥታ ከላይ ወዳለው በር ሄደ። ነኩት። ያ ሁሉ ያማረ ኩሬ ተንጠፍጥፎ ባዶውን ቀረ።

«አየሽ?» አሉ ዞር ሳይሉ። «ምነው ዝም አልሽኝ?»

ትርሲት የሻሿን ጫፍ ነክሳ ነበር። ቀስ ብላ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«እማዬ፣ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከላይ ነዋ» አሉና በአገጫቸው በመስኮቱ ወደ ቆቃ አቅጣጫ አመለከቱ።

«እዚህ ሥዕሉ ላይስ?»

እናቷ ጎንበስ ብለው አዩ። ቆቃ ከስክሪኑ ግርጌ ነበረች፤ አሳይታ ከአናቱ። ካርታው እንደ ማንኛውም ካርታ ሰሜንን ወደ ላይ አድርጎ የተሳለ ነው፤ አዋሽ ደግሞ ከመተሃራ በኋላ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው። የሸለቆው ሰው ሁሉ ላይኛው አዋሽ የሚለው ከታች፣ ታችኛው አዋሽ የሚለው ከላይ ተቀምጧል። ላይኛው በርም እንዲሁ ከታች ነበር፤ በታኅሣሥ እናቷ የከፈቱት ታችኛውን ነው።

«ይሄማ…» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ። «ይሄማ ሽቅብ ይፈሳል እንዴ?»

ትርሲት ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። በስንት ወር ልፋት ያሳመረችው ወንዝ ዳገት እየወጣ መሆኑን እሷም ያየችው ገና አሁን ነበር።

በማግስቱ አቶ ደግፌን ቢሯቸው ድረስ ሄዳ አንድ ተራ እንዲጫወቱላት ለመነቻቸው። አቶ ደግፌ በሰፈሩ ከተጫወቱት ሁሉ የተመሰገኑ ናቸው። ከወንበራቸው ቀና ብለው «ለሙከራ ከሆነ ምን ገዶኝ» አሉ። ላይኛውን በር ክፈቱ ሲባሉ ጣታቸው ወደ ላይ ተነሳ፤ አየር ላይ ቆመ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ጣታቸው ወርዶ ከታች ያለውን ነካ። ልክ ነበሩ።

«አሁን ምን አሉ?» አለች ትርሲት።

«መች ተናገርኩ?»

«ከንፈርዎ ተንቀሳቅሷል፣ ጋሼ።»

አቶ ደግፌ ትንሽ አሰቡ። «‹ተቃራኒው› ነው የምለው። ሁሌም ከመንካቴ በፊት ‹ተቃራኒው› እላለሁ።» ይህን ብለው ስክሪኑን መልሰው አዩት፤ ትርሲትም አመስግና ወጣች።

ከዚያ በኋላ የሠራችው ሥራ እንደ ፊተኛው አላማረም፤ ግን በእያንዳንዷ መስመር ላይ የሰው ጣት እየታያት ነው የሠራችው። ካርታውን ገለበጠችው፤ ቆቃ ከአናት፣ አሳይታ ከግርጌ። ይብራዋን አወጣች። በሮቹን ከግራጫ አራት ማዕዘንነት አውጥታ በር አስመሰለቻቸው። አንዱ አፉን ወደ ኩሬው የከፈተ፣ ሌላው ጀርባውን የሰጠ ሆኑ፤ ሁለቱም ለወፍራም ጣት የሚበቁ። ተጫዋቹ በሩን ሲነካ ውሃው ወዲያው አይሄድም፤ መጀመሪያ የውሃው ጥላ በቦዩ ፈስሶ የት እንደሚደርስ ያሳያል፤ ተጫዋቹ «ይሁን» ካለ ብቻ ነው ውሃው የሚከተለው። ድሮ በቁጥር ብቻ ይገለጽ የነበረውን የየከተማውን ውሃ መሬቱ ላይ ሳለችው፤ ያገኘው ለመለመ፣ ያጣው ተሰነጣጠቀ። እናቷ በየቀትሩ እየተቀመጡ ይሞክሩታል፤ እሷም ዝም ትላለች። አንድ ቀን ወይዘሮ ይርገዱ ሳያስቡት እያንጎራጎሩ ሲጫወቱ ሰማችና ሥራው ማለቁን አወቀች።

ስትልከው ከሸለቆው ሁሉ ተቃውሞ ዘነበባት። «ሰሜን ወደ ላይ ነው፤ ይህ የዓለም ሕግ ነው» ሲል ጻፈ አንዱ። «ካርታ የተማረ ሰው ግራ ይገባዋል» አለ ሌላው። ትርሲት ለእሱ ብቻ መለሰች፤ «ካርታ የተማረ ሰው ይህንንም ይማራል። ውሃው ግን አይማርም።»

መይራም አልጻፈችም፤ ደወለች።

«አሳይታን ከእግርሽ ሥር አደረግሻት» አለች ያለ ሰላምታ።

«ወንዙ ነው ያደረጋት፣ መይራም።»

«እሱንማ አላጣሁትም። ግን ስክሪኑ ላይ ከላይ መሆናችን እዚህ ያለውን ሰው ደስ ይለው ነበር። ‹ከሁሉም በላይ ነን› ይላሉ ሽማግሌዎቹ። አሁን እኔ ሄጄ ‹ከዛሬ ጀምሮ የሁሉም ግርጌ ናችሁ› ልበላቸው?»

ትርሲት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«እናትሽን ይዘሽ ነይ» አለች መይራም ድምፅዋን አለስልሳ። «ኩሬውን ያፈሰሱት ራሳቸው በእኛ ሽማግሌዎች ፊት ይጫወቱ። አንቺ አትናገሪም፤ እኔም አልናገርም። ሰዉ ያየውን አይቶ ይፍረድ።»

ወይዘሮ ይርገዱ እምቢ ይላሉ ብላ ፈርታ ነበር። እሳቸው ግን ጥቅምት ላይ ያሰፉትን ቀሚስ ከሳጥን አወጡ። ከደረቀው ጓሮ ከተረፈች አንዲት ዛፍ ላይ አንድ ፓፓያ ቆርጠው በነጠላ ጠቀለሉ። «ባዶ እጅ ሰው ቤት አይኬድም» አሉ።

ሳይነጋ የሚነሳው አውቶቡስ መስኮቶቹ ሁሉ በነጭ ሸራ የተሸፈኑ ናቸው፤ ከረፋዱ ጀምሮ ከፀሐዩ ብርታት የተነሣ ውጭውን ማየት ለዓይን አይበጅም ተብሎ። ወይዘሮ ይርገዱ ግን ሸራውን በጣታቸው ገለጥ እያደረጉ ወንዙን ሲከተሉ ዋሉ። መንገድ ላይ ባለችው ገዋኔ ሰፊ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጠበበ። አሳይታ ሲቃረቡ ቀሚስ ሰብስቦ የሚሻገሩት ዓይነት ሆነ። «ይኸው ነው የሚደርሳቸው?» አሉ። ይህን መንገድ ሄዳበት የማታውቀው ትርሲትም ሸራውን ገልጣ አየች።

የአሳይታ አዳራሽ በሰሌን የተሸፈነ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ከውጭው የቀዘቀዘ ነበር። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። መይራም ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትራመድ ሴት ናት። ፓፓያዋን በሁለት እጅዋ ተቀብላ ለሽማግሌዎቹ አሳየቻቸውና ትርሲትን በር አጠገብ አስቀመጠቻት። ስክሪኑ ላይ ለሙከራ የተጫነው ያው የታኅሣሡ ቀን ነበር፤ ከቆቃ ውሃ የተለቀቀበት። ወይዘሮ ይርገዱ ለመተሃራ፣ ሼህ ያሲን የሚባሉ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ለአሳይታ ተቀመጡ።

መልእክቱ ወጣ። ላይኛውን በር ክፈቱ።

ወይዘሮ ይርገዱ እጃቸውን አነሱ። ትርሲት ከበሩ አጠገብ የእናቷን ጀርባ ብቻ ነው የምታየው፤ ትከሻቸው ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አየች። ጣታቸው በቀጥታ፣ ሳይዋልል፣ ከላይ ወዳለው በር ሄደ። የውሃው ጥላ ከቆቃ ቁልቁል ወርዶ ወደ ኩሬው ታጠፈ። «ይሁን» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ፤ ድምፃቸው ለአዳራሹ ሁሉ ተሰማ። ኩሬው ሞላ።

ትርሲት ልትነሳ ስትል መይራም ገና ነው በሚል አስተያየት ያዘቻት። ተራው አላለቀም ነበር። ወይዘሮ ይርገዱ እጃቸውን ከስክሪኑ አላነሱም፤ ወደ ስክሪኑ ግርጌ ጎንበስ ብለው የሚያዩት ነገር ነበር።

«ይህ የተሰነጣጠቀው ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ሼህ ያሲን ከጎናቸው ሆነው ስክሪኑን አዩ።

«እኛ ነን» አሉ።

ወይዘሮ ይርገዱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። ከዚያ ታችኛውን በር ነኩ፤ ጥላው በቀጭኑ ወረደ፤ ገዋኔን አለፈ፤ አሳይታ ሳይደርስ ቀረ። ጥቂት ጨመሩ። ኩሬያቸው ጎደል ሲል ታየ። አሁን ጥላው የተሰነጣጠቀውን መሬት ጫፍ ነካ። ቀና ብለው ሽማግሌውን አዩ።

«ይህ ይበቃል?»

«አይበቃም» አሉ ሼህ ያሲን። «ግን ጠይቆን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።»

«ይሁን» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ።

ሽማግሌዎቹ በአፋርኛ ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ትርሲት አንድ ቃል አልገባትም፤ የመይራምን ፊት እያየች ለመገመት ሞከረች፤ እሱም አልተነበበላትም። በመጨረሻ ሼህ ያሲን ወደ በሩ ዞሩና ለትርሲት በአማርኛ ተናገሩ።

«ልጄ፣ በድሮው ካርታ ከሁሉም በላይ ነበርን። ከላይ ተቀምጠን ስንጠማ ግን ያየን የለም። የጻፉልን ቁጥር ብቻ ነበርና። አሁን ከታች አድርጊን፤ ወንዙም እዚያው ነው ያስቀመጠን። እንዲህ እንዳሳየሽን ግን አሳዪን። ይህን እንዳታጠፊው።»

«አላጠፋውም» አለች ትርሲት። በሽማግሌዎቹ ፊት የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

መይራም ማሻሻያውን ያስገባችው እዚያው፣ ፓፓያው እየተቆራረጠ ነበር። ቁልፉን ከመንካቷ በፊት ግን ወደ ትርሲት ጠጋ ብላ «ይብራዋን ለምን አወጣሻት?» ስትል ጠየቀች።

«ዓይን ትስባለች።»

«እኔም እንደሱ ብዬ ላስወጣሽ ነበር» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

የሰፈሩ ስብሰባ በግንቦት መጀመሪያ ተደረገ። እንደ ሥርዓቱ የየቤቱ ስም ተጠራ። የወይዘሮ አልጣሽ ቤት ሲጠራ ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ «አቤት» የሚል ለስላሳ ድምፅ ወጣ። ወይዘሮ አልጣሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። የቤታቸው ተራ ወደ ወኪል ከዞረ ዓመታት ስላለፉ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። አቶ ደግፌ የስድሳ ዓመቱን ሐሳብ ለውይይት ሲያቀርቡ ግን ወይዘሮ አልጣሽ ተነሱ።

«ሰማችሁት አይደል ስለ እኔ አቤት ሲል?» አሉ። «አጥፍቷል አልልም። ውሃው ይመጣል። ለምን እንደበዛ ወይም እንዳነሰ ግን ቤቴ ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም፤ አሁን አሁን መጠየቁንም ትተነዋል። ልጆቼ ወንዝ እንዳለን ረስተዋል። እትዬ ይርገዱ ተሳሳቱ፤ እሺ። ግን ኩሬው ሲፈስ እናንተ አብራችሁ ቆማችሁ አለቀሳችሁ። እኔ ማልቀሱ እንኳ ቀርቶብኛል።» ተቀመጡ።

አቶ ደግፌ ከወንበራቸው ተነሱ። ከዚያ አዲሱን «ወራጅ» በአዳራሹ ስክሪን ላይ ከፈቱና ቆመው አዩት፤ ቆቃን ከአናት፣ የራሳቸውን ኩሬ ከመሐል፣ ከግርጌ ደግሞ አይተውት የማያውቁትን የተሰነጣጠቀ ምድር።

«ሐሳቤን አንስቻለሁ» አሉ። «ስሕተቱ የዕድሜ አልነበረም። እኔም እስከ ዛሬ ያልተሳሳትኩት በብልሃት ሳይሆን በድግምት ነው።» ሰዉ አልገባውም፤ ግን ሳቀ። ያ አዳራሽ ሳቅ ከሰማ ቆይቷል። «እትዬ ይርገዱ፣ ክረምት እስኪገባ ተራው የእርስዎ ነው። ይጨርሱልን።»

በግንቦት መጨረሻ ቆቃ እንደገና ውሃ ለቀቀ። ወሬው አስቀድሞ ተሰምቶ ነበርና ኩሬው ዳር ሰዉ እንደ ጥምቀት ወጣ። በሌሎች ወንዞች ዳር የሚኖሩ ሰዎችም ጨዋታውን ለራሳቸው ወስደውት ስለነበር ከዋቢ ሸበሌ በኩል ከጎዴ የመጡ እንግዶችም ነበሩ፤ አዲሱን ሥዕል ለማየት። ደወሉ ተደወለ። ወይዘሮ ይርገዱ አዳራሹ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ውጭ ያለው ሰው የሚያየው የብረቱን በር ብቻ ነው።

በሩ መጀመሪያ ጮኸ። ከወራት በኋላ ሲንቀሳቀስ ዝገቱ እየተፋቀ እንደ ቁራ ጮኸ። ከዚያ ከሥሩ ቀጭን ቡናማ ውሃ አፈተለከ፤ ከዚያ ወፈረ፤ ከዚያ የደረቀውን የኩሬ ወለል እየላሰ፣ አቧራውን እየገፋ ገባ። አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። አቶ ደግፌ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አሹ። ጥቂት ቆይቶ ታችኛው በር ጣት በምታህል ክፍተት ተከፈተ፤ ትንሽ ውሃ ወደ ወንዙ ተመልሶ ቁልቁል ሄደ። አንድ ጎረምሳ «ምነው? ይፈሳል እኮ!» ሲል አቶ ደግፌ «ዝም በል፤ የሚሄድበትን እትዬ ይርገዱ ያውቁታል» አሉት።

ወይዘሮ ይርገዱ ከአዳራሹ ሲወጡ ሰዉ መንገድ ከፈተላቸው። በዚህ ጊዜ እንደ በሽተኛ አልነበረም። ጥቅምት ላይ ያሰፉትን ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው፣ በዋናው መንገድ መሐል ለመሐል መጡና ልጃቸው አጠገብ ቆመው ውሃውን አዩ።

ከጎዴ እንግዶች አንዷ፣ ወጣት ሴት፣ ወደ እነሱ ቀረበች።

«ይቅርታ፣ ይህን አዲሱን የሠራው ማን ነው? ስሙን ፈልገን አጣነው።»

ትርሲት እንደለመደችው መለሰች፤ ክፍት ምንጭ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚመልሰው። «የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ብዙ ሰው ነው የሠራው።»

«እንዲህ ነው የሚሉት እነሱ» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ። እጃቸውን በትርሲት ትከሻ ላይ ጣሉ፤ ሰፈሩን የተቀበለውን እጅ። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉት፤ ከእልልታው በላይ፣ ከውሃውም በላይ። «ወንዙን ያቃናችው ይቺ ናት። ልጄ ናት!»

ትርሲት ልታስተባብል አፏን ከፈተች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ እያያት ነበር። ቀና ብላ ቆመች።

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ።»